ሁለት ጆሮ ያለው ቋጠሮ

«ይቺ መኪና ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ትሸጣለች» አለ ሲማዓን፣ ለማቀዝቀዣው። በዚያ ቤት ከበድ ያለ ነገር ሰው ፊት ለፊት ተይዞ አይነገርም፤ ለዕቃ ይነገርና ሰው እንዲሰማው ይተዋል። ሚስቱ ነጅላ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ ለክረምት የሚሆናትን ባሚያ በትንንሽ ፌስታል እየሞላች ታስር ነበር። ቋጠሮዋን እኛ ጎረቤቶቿ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለቱን ጫፍ አንዴ ታጠላልፍና እንደ ጥንቸል ሁለት ጆሮ አቁማ ትተወዋለች፤ ሲፈለግ በአንድ ስበት ይፈታል። አሥራ አንደኛው ፌስታል ላይ እጇ ቀጥ አለ፤ ኪሎው በሁለት ዲናር ተኩል የተገዛው ባሚያ ጭኗ ላይ ተዘረገፈ። «ማን ሊገዛት?» አለች፣ እሷም ለባሚያው። «ቶማ። አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል።» ቶማ የሲማዓን የወንድም ልጅ ነው፤ አሮጌ መኪና እየገዛ አሮጌ መኪና የሚሸጥ። «መጀመሪያ ዙህዲ ጋራዥ እወስዳታለሁ። ካስተካከላት አስተካከላት። ካልሆነ፣ ልኬቷ የሚዋሽ መኪና እኔ በር ላይ አትቆምም።»

ልኬት ሲዋሽ አይወድም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሚዛን ተቆጣጣሪ ሆኖ ከሰልጥ ከተማ እስከ ጎረቤቷ ፉሄይስ ያለውን ሥጋ ቤት፣ አትክልት ቤትና ወርቅ ቤት ሲመዝን ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው። ጡረታ የወጣው ግን ከመሥሪያ ቤቱ ነው እንጂ ከሥራው አይደለም። ዳቦ ይመዝናል። ደረጃችንን ቆጥሮ አንዱ ከሌሎቹ በሁለት ጣት እንደሚያንስ ለአከራዩ በጽሑፍ አመልክቷል። ማታ ማታ ወደ መኪናው ወርዶ ቆጣሪው የደረሰበትን ኪሎ ሜትር በሰማያዊ ደብተር ይመዘግባል፤ ለምን እንደሚመዘግብ ጠይቀነው «ለማወቅ» ብሎናል። ሲነዳ ደግሞ መንገዱን በአንድ ዓይኑ፣ የፍጥነት መለኪያውን በሌላኛው እያየ ነው፤ ከተማ ውስጥ አርባ፣ ከከተማ ውጭ ስልሳ፣ ጠቋሚው ከዚያ በፀጉር ስፋት ካለፈ ራሱን ይቀጣ ይመስል ፍሬን ይረግጣል። የልጁ የጋሊብ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን የያዘው እሱ ነበር። ሚዜው፣ ከበሮ መቺው፣ ኬክ የጫነው ፒካፕ ሁሉ ቀድሞት ገብቶ፣ ሙሽሪት ለራሷ ሠርግ መጨረሻ ደረሰች። ጋሊብ ሻርጃ ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ ዛሬም ስልክ ስትደውል አማቷን በልጃቸው ስም ጠርታ «አቡ ጋሊብ መንገድ ላይ ናቸው ወይስ ደረሱ?» ትላለች።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ማክሰኞ ዕለት ከገበያው በላይ ያለውን ቁልቁለት በሠላሳ ሲወርድ፣ ጠቋሚው ድንገት ዘሎ መቶ አርባ ላይ የቆመበት። ሲማዓን ዓይኑን አመነ፤ መንገዱን አላመነም። ባለ በሌለ ኃይሉ ፍሬን ረገጠ። ከኋላው ቲማቲም የጫነ ፒካፕ ነበር፤ እንደ ምንም ተንሸራቶ ቆመ፣ ሁለት ሣጥን ቲማቲም ግን ቁልቁለቱን ተከትሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወረደ። የፒካፑ ባለቤት ወርዶ «አጎቴ፣ ምን ሆኑ?» ቢለው፣ «መቶ አርባ ይላል!» አለ ሲማዓን ጠቋሚውን እያሳየ። «መቶ አርባ? አህያ ሁለት ጊዜ ቀድማዎታለች እኮ፤ እኔ ራሴ ከኋላ ሆኜ ቆጥሬያለሁ።» ከዚያ ቀን ወዲህ ጠቋሚው አንዴ ይሞታል፣ አንዴ ይደንሳል። የሰፈሩ ሐኪም በዛ። አንዱ ባትሪ ነው አለ፣ አንዱ አቧራ ነው አለ፣ ከምድር ቤት ያለችው አሮጊት የሰው ዓይን ነው ብላ ሰማያዊ ዶቃ አመጣች። ሲማዓን ዶቃውን ተቀብሎ መዘነውና መስተዋቱ ላይ አንጠለጠለው።

ከሐኪሞቹ ሁሉ በሽታውን የምታውቀው ነጅላ ብቻ ነበረች፤ ምክንያቱም ያመጣችው እሷ ናት።

ነገሩ ከሚዛን ይጀምራል። የነጅላ ታናሽ እህት ዓፋፍ ፉሄይስ ነው ያገባችው፣ በሻራ የሚባል ሥጋ ሻጭ። ከሰባት ዓመት በፊት ሲማዓን ለሥራ ፉሄይስ ሄዶ የባጃናጁን ሚዛን ቢፈትሽ፣ ሚዛኑ በኪሎ አርባ ግራም ይሳሳታል። የሚሳሳተው ለገዢው ነበር፤ በሻራ ለሰው ሁሉ አርባ ግራም ሥጋ በነጻ ሲያድል ኖሯል። በሻራ ሳቀ፣ ገበያተኛውም ሳቀ። ሲማዓን ግን «ስህተት ስህተት ነው» ብሎ በደንበኞች ፊት ሚዛኑን በቀይ ሰም አሸገው። በሻራ ያን ዕለት የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ወዲህ ይሄኛው ቤት ያንኛውን አይረግጥም። ማንም ማንንም አልከለከለም፤ ዝም ብቻ ተባለ፣ ዝምታውም እንደ ተረሳ ዕቃ በሩ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ሁለቱ እህትማማቾች በስልክ ይነጋገራሉ፣ እሱም ሲማዓን ገላውን ሲታጠብ።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ዓፋፍ በረዶ አንሸራትቷት ዳሌዋ ተሰበረ። ሴት ልጅ የላትም። ገላዋን የሚያጥባት፣ ፀጉሯን የሚያበጥርላት፣ ከአልጋ ደግፎ የሚያነሳት እህት እንጂ ሥጋ ሻጭ አይሆንም፤ በሻራ ሲያነሳት እንደ በግ ሙዳ ነው ብላ ዓፋፍ በስልክ አለቀሰች። ሁለት አውቶቡስ ይዞ ሄዶ ሁለት አውቶቡስ ይዞ መመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሲማዓን ደግሞ ሐኪም እርምጃ አዞለት ማክሰኞና ዓርብ በእግሩ ወደ ጡረተኞች ክበብ የሚወርደው ከአራት ሰዓት እስከ ሰባት ብቻ ነው። ቁልፉ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ነጅላ መንጃ ፈቃድ አላት። ከሠላሳ ዓመት በፊት ጋሊብ ትኩሳት ይዞት አንዴ ነድታ ሐኪም ቤት አድርሳው ነበር፤ ሲማዓን «ስንት ነበር ፍጥነትሽ?» ሲላት «እኔ እንጃ፣ ሞተሩ ደስ ብሎት ነበር» አለችው፤ ከዚያ በኋላ ‹በጆሮ የምትነዳ ሴት› ብሎ መሪ አላስነካትም።

የቀረው ችግር ሰማያዊው ደብተር ነበር። ደርሶ መልስ ሃያ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው፤ ሃያ ስድስቱ ማታ ደብተሩ ላይ ይታያል። ነጅላ በስልኳ አንድ ግብፃዊ መካኒክ የሚያስተምርበትን ቪዲዮ አራት ጊዜ አየች። መኪናው ምን ያህል እንደ ሄደ የሚቆጥረው ካምቢዮው ላይ የተሰካ አንድ ጣት የሚያህል ሴንሰር ነው፤ ሶኬቱ ከተነቀለ ጠቋሚው ይተኛል፣ ቆጣሪውም አይቆጥርም፤ መኪናው ግን ይሄዳል። ሌላ ምን ትፈልጋለች? ኮፈኑን ከፍታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ሶኬቱን ነቅላ ትሄዳለች፤ ተመልሳ ትሰካለች። እንዳይጎድልባት ብላም መመለሻዋ ላይ ቤንዚን ትጨምራለች፣ ከተቃጠለው ትንሽ አትርፋ። ስምንት ወር እንዲህ ኖረች። እኛ ከመስኮት እናያታለን። ዝም አይነቅዝም ብለን ዝም አልን። ያለፈው ማክሰኞ ግን እንደ ተመለሰች ልትሰካው ስትል ያረጀው የሶኬቱ መያዣ እጇ ላይ ቀረ። ሶኬቱ ገባ፣ ግን አይቆምም። ሰባት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ነጅላ የመጣው ይምጣ ብላ ከመደርደሪያ የባሚያ ፌስታል አምጥታ፣ ሶኬቱን ከነሴንሰሩ ጠቅልላ አሰረችው። በለመደችው ቋጠሮ። የዚያኑ ዕለት ማታ ነው ጠቋሚው መቶ አርባ የገባው።

ይኸው ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ብትናገር ሰባት ዓመት የተኛው ጠብ ይነሳል፣ ባትናገር መኪናዋ ትሸጣለች፤ ዓፋፍ ደግሞ ዛሬ ዓርብ ገላዋን እታጠባለሁ ብላ ፎጣዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እየጠበቀች ነው። ነጅላ ባሚያውን እንዳለ ትታ ተነሣች። «እኔም ዙህዲ ጋ እሄዳለሁ» አለች። «አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?» «የመኪናዋን ድምፅ እነግረዋለሁ።» ሲማዓን ማቀዝቀዣውን አየት አደረገና ጃኬቱን አነሣ።

ሦስት ኪሎ ሜትር የማይሞላውን መንገድ በግማሽ ሰዓት ሄዱት። ጠቋሚው ሲተኛ ሲማዓን መኪናው የቆመ እየመሰለው ነዳጅ ይሰጣል፤ ሲዘል ደግሞ ፍሬን ይረግጣል። ነጅላ ጭንቅላቷ ከመስኮቱ ጋር ሦስት ጊዜ ተገናኘ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ ሲጮህ «ሦስተኛ እየለመነችህ ነው» ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ከኋላ የሚነፋው ክላክስ የሠርግ ይመስል ነበር። ሰማያዊው ዶቃ መስተዋቱ ሥር ይወዛወዛል።

ዙህዲ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሆዱ ገፋ ያለ፣ ምላሱ ስለት፣ እጁ ግን እንደ ዳንቴል ሠሪ የሆነ። ጋራዡ አንድ ክፍል ናት፤ ግድግዳው ሁሉ ሽቦ፣ ጥግ ላይ ጥቁር ጀበና በትንሽ ጋዝ ምድጃ ላይ ቀን ሙሉ የምትፍለቀለቅ። ሲማዓንን ሲያይ የጠረጴዛውን ሚዛን በጨርቅ ሸፈነ። «ብሎን የምመዝንበት ነው፣ አጎቴ፤ ለንግድ አይደለም።» ሲማዓን ሕመሙን ቀኑን፣ ሰዓቱንና የመንገዱን ስም እየጠራ ዘረዘረ። ዙህዲ ፊውዙን አወጣና አየው፤ ደህና ነው። ዳሽቦርዱን በጣቱ መታ መታ አደረገ፤ ጠቋሚው አልነቃም። ከዚያ የፊቱን አንድ ጎማ በክሪክ አነሣና ሞተሩን አስነሥቶ አንደኛ ማርሽ አስገባ። ጎማው አየር ላይ ቀስ ብሎ ሲዞር ጠቋሚው አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ አለ፤ ከዚያ ምንም ሳይሉት ዘሎ መቶ አርባ። «አያችሁ! ቆማም ትበራለች» አለ ዙህዲ። «መለኪያው ደህና ነው፣ ወሬው ነው የተቆራረጠው። ወይ ሽቦው ነው፣ ወይ ሴንሰሩ ነው፣ ወይ...»

«ሶኬቱ ይሆናል» አለ ሲማዓን።

«አጎቴ፣ ገና አላየሁትም እኮ።»

«ይሆናል ነው ያልኩህ። እነዚያ የተፈታ መኪና ዕቃ የሚሸጡት ጋ ሄጄ አሮጌ ሶኬት ላምጣ። ባለ ሦስት ሽቦ። ከምቀመጥ ልሂድ።» እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እርምጃውን እየቆጠረ ወጣ። ዙህዲና ነጅላ ተያዩ። «ባለ ሦስት ሽቦ መሆኑን እሳቸው በምን አወቁ?» አለ ዙህዲ። ዙህዲ ትከሻውን ነቅንቆ የአየር ማጣሪያውን ሣጥን አነሣና እጁን ወደ ካምቢዮው አሾልኮ ሰደደ። ፊቱ ተለወጠ። እጁ እዚያው እንዳለ ጣሪያውን አየ፣ ነጅላን አየ፣ እንደገና ጣሪያውን አየ። ከዚያ አንድ ስበት ሳበና ፌስታሉን ይዞ ወጣ። ሁለቱ ጆሮዎች አሁንም ቀጥ ብለው ነበር። ፌስታሉን አራገፈው፤ አንዲት የደረቀች የባሚያ ቆብ መዳፉ ላይ ወደቀች።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ» አለ ዙህዲ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በሽቦ ያሰረ አይቻለሁ። በማስቲካ ያጣበቀ አይቻለሁ። አንዱ በሚስቱ ካልሲ ጠቅልሎ አምጥቶልኛል። ሴንሰር እንደ ባሚያ ለክረምት ያስቀመጠ ግን አላየሁም። አክስቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይሄ ምንድን ነው?»

ነጅላ በርጩማዋ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠች። «መጀመሪያ ቡና አምጣልኝ» አለች። ዙህዲ ከጥቁሯ ጀበና በትንሿ ስኒ ቀድቶ ሰጣት። እሷም ተቀበለችና፣ ሳትጎነጭ፣ ጠረጴዛው ላይ ከቴስተሩ አጠገብ አስቀመጠችው። ዙህዲ ቀለሙ ገረጣ። ይህን ነገር የሚያደርጉት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ልጅ ሊለምኑ ወይም ደም ሊያስታርቁ ሰው ቤት ሲገቡ። ስኒው ሳይነካ ይቀመጣል፤ ልመናቸው ካልተፈጸመ አይጠጡም፤ ቡናው ሳይጠጣ እንግዳ የወጣበት ቤት ደግሞ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነውር ይዞ ይቀራል። «ቡናዎን ይጠጡ» ከተባለ ነገሩ አበቃ። ሴት ስታደርገው ዙህዲ አይቶ አያውቅም። ጋራዥ ውስጥማ ጭራሽ።

«ኧረ አክስቴ! ይሄ እኮ ጋራዥ ነው!»

«ጣሪያ አለው፤ ቤት ነው» አለች ነጅላ። «ልመና አለኝ። ሶኬቱን ትሠራልኛለህ። አቡ ጋሊብ ሲመጣ አይጥ ነው ትለዋለህ። አይጥ መኪና ሽቦ ትበላለች፤ ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ።» ከዚያ ያልጠየቃትን ሁሉ ነገረችው፤ የሚዛኑን፣ የሰሙን፣ የእህቷን ዳሌ፣ ዛሬ ጭኗ ላይ ያለውን ፎጣ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ስትጨርስ ዓይኗ እርጥብ ነበር፣ ስኒዋ ግን እዚያው ነው። ዙህዲ ግራሶ በጠጣ ጨርቅ ግንባሩን ጠረገ። «እሳቸው ፊት? እኔ? ዋሽቼ? ሚዛኔን ሸፍኜ እንኳ ላብ አጠመቀኝ።» ስኒው መቀዝቀዝ ጀመረ። «እሺ!» አለ በመጨረሻ። «እሺ፣ አይጥ ናት። ቡናዎን ይጠጡ፣ እባክዎ፣ ሰው ሳያይ!» ነጅላ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው።

ሲማዓን ተመልሶ መጣ፤ በወረቀት የተጠቀለለ ሶኬት፣ ሦስት ሽቦ ያለው፣ ልክ የዚያችው መኪና ዓይነት። ዙህዲ ሳይጠየቅ «አይጥ ናት!» ብሎ ጮኸ።

«አይጥ» አለ ሲማዓን።

«አይጥ። መያዣውን በላችው።»

«ትልቅ ናት?»

ዙህዲ ነጅላን በጎን አየ። «መካከለኛ። ግን የተከበረች።»

ሲማዓን ጠረጴዛው ላይ የተረሳውን ፌስታል አየው። አነሣው፣ አጣጠፈው፣ አሁንም አጣጠፈው፣ የጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። «እንግዲህ የተከበረች ከሆነች ምን ይደረጋል» አለና ለራሱ በርጩማ ሳበ። ዙህዲ ሥራ ያገኘ ሰው ሆኖ ኮፈኑ ሥር ተደበቀ። አሮጌውን ሶኬት ቆርጦ አዲሱን ሽቦ በሽቦ በየደው፤ በቴስተር መብራት መድረሱን አረጋገጠ፣ ሴንሰሩን በጨርቅ ወልውሎ ሲሰካው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጎማው እንደገና አየር ላይ ዞረ። ጠቋሚው ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ አለና አርባ ላይ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዙህዲ ለሥራው ስምንት ዲናር ተቀበለ፣ ላቡን ሲማዓን ሳያይ ጠረገ። «ረጅም መንገድ ንዷትና ሞክሯት» አለ፣ እንዲሄዱለት ብቻ።

ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ ወደ ቤት የሚወስደው በግራ ነው። ሲማዓን ወደ ቀኝ ታጠፈ። ጠቋሚው ስልሳ ላይ ነበር። ከሁለት ዳገት በኋላ ነጅላ «አሥር ሰዓት ሊሆን ነው፣ ቶማ ይመጣል» አለች፣ ለዶቃው።

«ቶማ ከሰኞ ጀምሮ ዓቀባ ወደብ ነው» አለ ሲማዓን፣ እሱም ለዶቃው። «አልጠራሁትም።»

ይህ ሰው በሕይወቱ ዋሽቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ነጅላም አልመሰላትም ነበር። እሱ ዓይኑን ከጠቋሚው ሳያነሣ ቀጠለ። «ይቺ መኪና አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለመቶ ኪሎ ሜትር ስምንት ሊትር ነው የምትጠጣው። ከክረምቱ ወዲህ አምስት ሆነ። መኪና ሲያረጅ አመሉ አይሻሻልም። ሦስት ጊዜ አሰላሁት፤ ቤንዚን የምትጨምሪላት አንቺ እንደ ሆንሽ፣ ወዴት እንደምትሄጂም ገባኝ።» ትንሽ ሄዱ። «ማክሰኞ ማታ ኮፈኑን ከፈትኩ። ቋጠሮሽን አየሁ። አራት ቀን ጠበቅኩሽ እንድትነግሪኝ። እሸጣለሁ ያልኩት እንድትናገሪ ነበር።»

«አንተስ? ስምንት ወር ሙሉ እያወቅህ?»

መልስ ለመስጠት አንድ ሙሉ ቁልቁለት ፈጀበት። «ብናገር ኖሮ ‹ታዲያ ለምን አብረን አንሄድም?› ትይኝ ነበር። ለዚያ መልስ አልነበረኝም።» ከዚያ ጨምሮ «አንቺም እንደ በሻራ ሚዛን ነሽ» አለ። «ስህተትሽ የሚጨምረው ለሰው ነው።»

በሻራ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ያቺን ነጭ መኪና ሲያይ ፈገግ አለ፤ ማን እንደሚነዳት ሲያይ ፈገግታው እዚያው ደረቀ። ሰባት ዓመት ጢሙን ነጭ አድርጎታል። ቢሆንም እንግዳ በር ላይ አይባረርም፤ ወደ ጎን ብሎ አሳለፋቸው። ዓፋፍ ሳሎን ውስጥ ፎጣዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከመደገፊያዋ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ሲማዓንን ስታይ ፎጣውን አፏ ላይ ጫነችው። ሶፋው አዲስ ነው፣ መጋረጃው አዲስ ነው፣ ሲማዓን የማያውቀው የልጅ ልጅ ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ አለ። በሻራ ራሱ ቡና ቀድቶ አመጣ። ሲማዓን ተቀበለ፣ አመሰገነ፣ ሳይቀምስም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ነጅላ የራሷን ስኒ አስታወሰችና ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት።

በሻራ እጁን አጣጠፈ። «ምን ልትለምን ነው? የምድራት ሴት ልጅ የለኝም።»

«ሚዛኑ የት አለ?» አለ ሲማዓን።

ሚዛኑ ጓዳ ውስጥ ነበር፣ በጨርቅ ተሸፍኖ። በሻራ አምጥቶ ጠረጴዛው መካከል ዱብ አደረገው። ቀዩ ሰም እንዳለ ነው፤ አልተነካም። «እንድታየው ነው ያስቀመጥኩት» አለ። «አንድ ቀን ትመጣለህ ብዬ።»

«በእኔ እጅ የታሸገ ነው፣ በእኔ እጅ ይፈታ። ልመናዬ ይኸው ነው።»

«አላስተካከልኩትም» አለ በሻራ፣ ዓይኑን ዓይኑ ላይ ተክሎ። «እስከ ዛሬ አርባ ግራም ይሳሳታል። ወደፊትም አላስተካክለውም።»

ሲማዓን ሚዛኑን አየ። ከንፈሩ ‹ስህተት› ለሚለው ቃል ሲዘጋጅ ነጅላ በዓይኗ አየችው። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ፣ ወደ ዓፋፍ መደገፊያ፣ ወደ ፎጣው፣ እንደገና ወደ ሚዛኑ።

«ለሰው ከሆነ የሚጨምረው» አለ፣ እያንዳንዱ ቃል ጥርስ እንደ መንቀል እያመመው፣ «ይጨምር።»

በሻራ ያልተነካውን ስኒ አየ። ጢሙ ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። «እንግዲያው ቡናህን ጠጣ፣ ቀዝቅዟል» አለ።

ዓፋፍ ገላዋን ታጥባ፣ ሥጋ ተጠብሶ ተበልቶ፣ ሲማዓን አራት ጊዜ ሊነሣ ሲል አራት ጊዜ ተቀምጦ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወጡ። የሰሙ ፍርፋሪ ጥፍሩ ሥር ቀርቶ ነበር። መኪናው አጠገብ ሲደርሱ ቁልፉን አውጥቶ ትንሽ አገላበጠውና ለነጅላ ሰጣት፤ እሱ በሌላው በር ገባ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ በኩል ተቀምጦ አያውቅም፤ ጉልበቱን የት እንደሚያደርገው አላወቀም። ነጅላ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ሞተሩን እያዳመጠች ዳገቱን ያዘች። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ሞተሩ ደስ ብሎት ነበር። ሲማዓን አንገቱን ትንሽ ዘርጋ አድርጎ አዲስ የተሠራውን መለኪያ አየ። ሰባ ስምንት ነበር፣ ቀጥ ያለ፣ የማይዋሽ ሰባ ስምንት። ቶሎ ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ስንት ይላል?» አለች ነጅላ።

«አላየሁትም» አለ ሲማዓን።